ዶክተር አክሊሉ ለማና የወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ

ለመጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ወዲያው ወደ አሳቤ የመጡት ነገሥታትና የጦር መሪዎች ነበሩ። እነርሱማ ብዙ ጸሐፊ አላቸው። እኔ የመረጥኳቸው ሰው ግን ጦር ያልመሩ፣ ዙፋን ላይ ያልወጡ፣ የሕይወታቸውን ትልቁን ክፍል በወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ምክንያት የደከሙ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ናቸው፤ ስማቸውም ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላል። በጅጅጋ ተወልደው በዓድዋ ወንዝ ዳር ባዩት ነገር ስመ ጥር የሆኑ ሰው ከእኛ ከዲላ ልጆች ጋር ምን ያገናኛቸዋል የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ታሪኩ ወደ ወናጎ እንሰት መምጣቱ አይቀርም።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም አንድ ነገር ላስታውስ። ስለ እሳቸው የተጻፈው አብዛኛው በውጭ ቋንቋ ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ የማወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛው መመለስ የሚፈልግ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቀንስ።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን አካባቢ ነው። ስለ ልጅነታቸው ብዙ አላወራም፤ ወደ ሥራቸው ለመድረስ እቸኩላለሁና። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሰው አካል ውስጥ ተጠግተው ስለሚኖሩ ትሎችና ተዋሕስያን ተምረው በ1964 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ሲባል ትዝ የሚለን በአብዛኛው ጥቁር ካባና የደመወዝ ጭማሪ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ዲግሪ ተማሪው ሌሎች ያወቁትን ይማራል፤ ከዚያ በላይ ባለው ትምህርት ግን ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ መስክ ይወጣል፤ ይቆጥራል፣ ይለካል፣ ያነጻጽራል፤ በመጨረሻም ከእርሱ የበለጠ በሚያውቁ ሰዎች ፊት ቆሞ ይመረመራል። ሦስት አጽቄዎችን የሚያጠና ተማሪ ለምሳሌ አንዲት ዝንብ ዕንቁላሏን የት እንደምትጥል፣ እጯ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ወር እንደምትበዛና በሌሊት በስንት ሰዓት እንደምትናከስ ለማወቅ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እንቅልፍ የሚወድ ሰው የሚዘልቅበት ትምህርት አይደለም።

የባዮሎጂ መምህራችን ይህን ሲያነቡ ቀንድ አውጣ ሦስት አጽቄ አይደለም እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሦስት አጽቄ ስድስት እግር ሲኖረው ቀንድ አውጣ በሆዱ የሚሳብ፣ ዘመዱም ሌላ የሆነ ፍጥረት ነው። ነገር ግን ወባን በትንኝ በኩል የሚያጠናና ብልሃርዝያን በቀንድ አውጣ በኩል የሚያጠና ሁለቱም የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው፤ በሽታውን በታመመው ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በሚያስተላልፈው ትንሽ ፍጥረት ኑሮ ውስጥ ይፈልጉታል። ደግሞም ዶክተር አክሊሉ በኋላ ወደ ዝንብ ጥናትም ገብተዋል፤ እደርስበታለሁ።

ብልሃርዝያ ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ከተማ ትሉን ከአየው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው። ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር የወጣው የትሉ ዕንቁላል ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ ለሳምንታት ሲባዛ ይሰነብትና በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ወደ ውሃው ይመለሳል። ከዚያ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚዋኝ፣ ልብስ የሚያጥብ ወይም ከብት የሚያሻግር ሰው ትሉ በቆዳው በኩል ይገባበታል። ወደ ሰውነቱም ገብቶ በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት ዕንቁላል ይጥላል። ልጁ ይደክመዋል፣ ዕድገቱ ይቀጭጫል፣ ደም ይቀላቅለዋል፤ ሲቆይ ጉበቱ ይጎዳል፣ ሆዱም ይነፋል። በቆላው የአዋሽ አካባቢ ፊኛን የሚያጠቃ ሌላ ዓይነትም አለ። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የተያዘው ሕዝብ ከ200 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆነ ይነገር ነበር።

ይህን ሰንሰለት ከአንድ ቦታ መቁረጥ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የነበረው መድኃኒት በመርፌ የሚሰጥና ታማሚውን ራሱን የሚያስጨንቅ ነበር። መጸዳጃ ቤት ለየቤቱ መሥራት ረጅም ዘመን ይጠይቃል። ሦስተኛው መንገድ ቀንድ አውጣውን መግደል ነው፤ ለዚህም የሚሆን ኬሚካል በውጭ አገር ፋብሪካዎች ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ግን እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 ትምህርታቸውን ጨርሰው እንደ ተመለሱ፣ ብልሃርዝያ በአገራችን የት የት እንዳለና የትኛው ቀንድ አውጣ እንደሚያስተላልፈው ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር እየተዘዋወሩ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ አንድ ነገር ዓይናቸውን ያዘው። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ ባለው ውሃ ግን በሕይወት ያለው ነበር የበዛው። ሌላ ሰው ቢሆን የሞተውን ትቶ ሕያዉን ለቅሞ በሄደ ነበር፤ የመጣበት ጉዳይ እሱ ነበርና። እሳቸው ግን ሴቶቹ የሚያጥቡበትን ጠየቁ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር።

እንዶድን የማያውቅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም፤ ለእኛ በሳሙና ላደግነው ግን ማስረዳት ያሻል። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ የሚሳብ ተክል ነው። ፍሬው ትናንሽ ሆኖ በዘለላ ይንጠለጠላል። ደርቆ ሲወቀጥና በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፤ የሸማን ንጣትም እንደ እርሱ የሚጠብቅ የለም እያሉ እናቶች ይመሰክሩለታል። ኢትዮጵያውያን ሴቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያጥቡበት ኖረዋል።

ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አስቀርበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ እንድትጨምርበት ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹም ጥቂት ቆይተው ሞቱ። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው ይህን ነው፤ ከጆንስ ሆፕኪንስ የመጣው ዶክተር የመጀመሪያውን ሙከራ የሠራው በአንዲት ልብስ አጣቢ እጅ ነው። እርሷ አረፋው ምን እንደሚሠራ ታውቃለች፤ እሳቸው ደግሞ ቀንድ አውጣው ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ። ሁለቱ ዕውቀቶች ለየብቻቸው በወንዙ ግራና ቀኝ የቆሙ ነበሩ።

በዚያ ቀን ብቻ ነገሩ ቢቆም ኖሮ መልካም ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ስንት ግራም በስንት ሊትር ውሃ? ፍሬው ጥሬ ሲሆንና ሲበስል ኃይሉ አንድ ነውን? ከተጨመረ በኋላ ስንት ቀን በውሃው ውስጥ ይቆያል? ዓሣውንስ? ከብቱንስ? ልጁንስ? ይህን ሁሉ መመለስ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ስለዚህ በ1966 በያኔው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በሙከራውም የእንዶድ ዱቄት በጣም ጥቂቱ፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ውሃ አሥሩ ወይም ሃያው እጅ ብቻ ሲጨመር፣ ቀንድ አውጣውን በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚገድል ታወቀ። በጥቂት ቀናትም ውስጥ በውሃው ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል። ጉድለትም አለው፤ የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል አይገድልም፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ዓሣ ግን ይጎዳል። ይህን ያልደበቁት መሆኑን ማንሳት ይገባል።

በካሊፎርኒያ ባለው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሮበርት ፓርክኸርስት ከተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ሆነው፣ የሚገድለው ነገር ከሳፖኒን ወገን የሆነ ንጥረ ነገር መሆኑን ለይተው አወጡ፤ ስሙም ለማቶክሲን ተባለ። እንዲህ ሆኖ የአባታቸው የአቶ ለማ ስም በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ ገባ። ለዓድዋ አጣቢዎችም አንድ ስም ቢተርፋቸው መልካም ነበር እላለሁ።

ከቤተ ሙከራ ወደ ከተማ የተደረገው ጉዞ ደግሞ የበለጠ አስቸጋሪ ነበር። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ የአምስት ዓመት ሙከራ ተካሄደ። ሥራው ለማየት የሚያስደንቅ አልነበረም፤ እንዶድ ከገጠሩ ሰው ይገዛል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ቀንድ አውጣ በሚራባባቸው ወንዞችና ጅረቶች ላይ በየጊዜው ይጨመራል፤ ቀንድ አውጣው ይቆጠራል፣ የሰዉ ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። እንደገና ይቆጠራል፣ እንደገና ይመረመራል። ውጤቱን በትክክል ለማወቅ ዋነኛ ምስክር ሆነው የተገኙት ትንንሾቹ ልጆች ነበሩ። አንድ ትልቅ ሰው ትሉን ከአሥር ዓመት በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሕፃን ግን ከተያዘ የተያዘው በቅርቡ፣ ምናልባትም በእነዚያው ዓመታት ነው። ስለዚህ በሽታው መተላለፉን መቀጠል አለመቀጠሉ በእነርሱ ላይ ይታያል። ሙከራው ሲጀመር ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶው 50 የሚሆኑት ትሉ ይገኝባቸው ነበር፤ ከአምስቱ ዓመት በኋላ ግን ከመቶው 7 ብቻ ሆኑ። ለአንድ ሰው በዓመት የወጣው ወጪም በጥቂት ሳንቲም የሚገመት ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት የያዘ ሰው በማግሥቱ በር ሁሉ ይከፈትለታል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። አልተከፈተለትም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ታላላቅ ድርጅቶች እንዶድን ለብዙ ዓመታት ሳይቀበሉት ቆዩ። ከሰጡት ምክንያት ከፊሉ እውነትነት አለው፤ ተክሉ ከቦታ ቦታ ኃይሉ ይለያያል፣ ለሰውና ለእንስሳ ያለው ጉዳትም ዓለም በተስማማበት ደንብ አልተመረመረም ነበር። ምርመራ መጠየቃቸውን አልነቅፍም፤ ወደ ወንዝ የሚጨመር ነገር ሳይመረመር ይጨመር የሚል አባት የለም። ነገር ግን ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብና ቤተ ሙከራ በእነርሱው እጅ ነበር፤ ሃያ ዓመትም ረጅም ጊዜ ነው። በአንድ ወንዝ ዳር የተወለደ ልጅ በሃያ ዓመት ውስጥ አድጎ፣ ታሞ፣ ልጅ ወልዶ፣ ልጁም ይታመማል። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው በኋላ በአደባባይ እንዳስረዱት፣ የአፍሪካን ምርምር የሚያንቀው የገንዘብና የመሣሪያ እጦት ብቻ ሳይሆን፣ በበለጸጉት አገሮች ያሉ አንዳንድ ሰዎች ከእኛ ወገን የረባ ሳይንስ ይወጣል ብለው አለማመናቸው ነው።

እሳቸው ግን አኩርፈው አልተቀመጡም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ተክለው፣ የትኛው ብዙ ያፈራል፣ የትኛው ተባይን ይቋቋማል፣ የትኛውስ ቀንድ አውጣን አጥብቆ ይገድላል እያሉ ለዓመታት አነጻጸሩ። ከሁሉ በልጦ የተመረጠው ቁጥሩ 44 የሆነው ነው፤ እስካሁንም እንዶድ 44 ይባላል። ስለ ጉዳቱም የተጠየቀው ምርመራ በካናዳ እርዳታ፣ በኦታዋ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆን ላምበርት እየደገፉት ተከናውኖ በ1990 ገደማ ተፈጸመ። ከዓድዋው ቀን እስከዚያ 26 ዓመት መሆኑን አንባቢ ይቁጠርልኝ።

አሁን ወደ ዝንቡ ልመለስ። የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ በቀንድ አውጣ ብቻ አልተወሰነም። ፊትን በማይሽር ቁስል የሚያበላሸው ቁንጭር በደጋ አገራችን ከየት እንደሚመጣ ዶክተር አክሊሉ ከኢትዮጵያውያንና ከውጭ ባለሙያዎች ጋር አጥንተው፣ የጥናታቸውን የመጀመሪያ ክፍል በ1969 አሳተሙ። ከሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል የሦስት አጽቄ ሊቃውንት ነበሩበት። በእነዚህና በተከታዮቹ ጥናቶች እንደ ታወቀው፣ ቁንጭርን የሚያስተላልፈው ከትንኝ እጅግ የሚያንስ የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፣ ተዋሕስያኑን በሰውነቱ ይዞ የሚያኖረው ደግሞ በገደልና በዋሻ የሚኖረው ሽኮኮ ነው። ዝንቡ ከሽኮኮው ይመገባል፣ በሌሊትም ሰውን ይነክሳል። በወሎ ኩታበርና ከአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በኦቾሎ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ተረጋግጧል። እስከዚያ ድረስ ፊቱ በቁንጭር የተበላሸ ልጅ ሽኮኮ ከሚኖርበት ገደል አጠገብ ማደሩን እንደ በሽታ ምክንያት የቆጠረለት ምሁር አልነበረም።

እነሆ አሁን ወደ ወናጎ ደረስን። የጌዴኦ ምድር ከ2023 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በትክል ድንጋዮቹ ብቻ አይደለም፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናውና እንሰቱ አብረው የሚበቅሉበት የአባቶቻችን አስተራረስም ተቆጥሮለት ነው። ቡናው የይርጋ ጨፌን ስም በዓለም አስጠርቷል፤ ቤተ ሰቡን ከዓመት ዓመት የሚያኖረው ግን እንሰት ነው። በዚህ እንሰት ላይ የመጣ አንድ ተባይ አለ። በሥሩና በአምቾው ላይ ተጣብቆ የሚመጥ፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ሚሊባግ የሚባል ትንሽ ሦስት አጽቄ ነው። የተያዘው እንሰት እድገቱ ይቆማል፣ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ሥሩም ስለሚጠፋ በትንሽ ጉልበት ተነቅሎ ይወጣል። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ በጽሑፍ የተመዘገበው በ1988 ሲሆን፣ ቦታው ሌላ አይደለም፤ ወናጎ ነው። መዝጋቢውም ዶክተር ጸደቀ አባተ የተባሉት የሦስት አጽቄ ሊቅ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1999 ነው፤ ማለት አያቶቻችን ሲታገሉት የነበረው ጠላት በሊቃውንት መዝገብ ስም እንኳ አልነበረውም።

አያቴ በወናጎ ገጠር ይኖራሉ፤ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። ጉንዳን ከሥሩ የሚመላለስበትን እንሰት ከሩቅ አይተው ይህ ተይዟል ይላሉ። ከጎረቤት የመጣ ፍል ሥሩ ሳይታይ አይተክሉም፤ የተያዘውን የቆፈሩበትንም ዶማ ሳያጥቡ ወደ ሌላው አያስጠጉም። ሊቃውንቱ በኋላ የጻፉትን ሳነብ፣ ጉንዳኑ ከተባዩ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እንደሚመገብና ከሥር ወደ ሥር ሊያዛምተው እንደሚችል፣ ዋናው የመዛመቻ መንገድም የተያዘ ፍል መሆኑን አገኘሁ። ያልተያዘ ፍል ለማግኘት አምቾውን በሙቅ ውሃ መንከርም ተሞክሯል። ስንት ደቂቃ፣ በምን ያህል ሙቀት የሚለውን ግን አያቴ ሊነግሩኝ አይችሉም፤ ይህን የሚያውቅ ቴርሞሜትርና ደብተር ይዞ በእንሰቱ ሥር የሚቀመጥ ሰው ነው። አባቴ ሐኪም እንድሆን ይፈልጋሉ። ስለ ነፍሳት መማር እፈልጋለሁ ባልኳቸው ጊዜ ትል ለመቁጠር ነውን ያን ያህል ዓመት የምትማረው ብለው ተገረሙ። የዶክተር አክሊሉን ታሪክ ከነገርኳቸው ወዲህ ግን ዝም ብለዋል፤ ዝምታቸው እሺታ ይሁን እምቢታ ገና አልለየልኝም። በዚችው በዲላ በ1996 የተከፈተው ኮሌጅ ከ2006 ገደማ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን፣ ሩቅ አገር ሳልሄድ ባዮሎጂ መጀመር እንደምችልም አስረድቻቸዋለሁ።

ወደ ዶክተር አክሊሉ እመለሳለሁ። ከአብዮቱ በኋላ ባሉት ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ጉዳይ ሠሩ፤ ኋላም በጣልያን አገር በፍሎረንስ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል ምክትል ኃላፊ ነበሩ። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስቶክሆልም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ይህ ሽልማት ብዙ ሰዎች ከኖቤል ጋር አያይዘው የሚጠሩት፣ ለሕዝብ የሚጠቅም መፍትሔ ላገኙ ሰዎች የሚሰጥ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለክርክር ክበባችን ርእስ የሚሆን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከምሥራቅ አውሮፓ ውሃዎች በመርከብ የመጣ አንድ ዓይነት ዛጎል ለበስ ፍጥረት በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተራብቶ የውሃ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀመር። ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ ወደሚገኘው ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ እንዶድ በዚያ ላይም እንዲሞከር ሆነ፤ ገደለውም። በ1993 ዩኒቨርሲቲው በእንዶድ ይህን ፍጥረት የመግደያው ዘዴ የእርሱ እንዲሆን በአሜሪካ ፓተንት አገኘ፤ ከፈልሳፊዎቹም ስም አንዱ የዶክተር አክሊሉ ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች ተቃወሙት። የድሀ አገር ሴቶች ለብዙ ዘመን ያቆዩት ዕውቀት በሌላ አገር የአንድ ተቋም ንብረት ይሆናልን ብለው ጠየቁ። የፓተንቱ ደጋፊዎች ደግሞ የተመዘገበው ተክሉ ሳይሆን አዲስ የተገኘ አጠቃቀሙ ነው ብለው መለሱ። በእኔ አስተያየት የዓድዋ ሴቶች በዚያ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይገባቸው ነበር፤ የተለየ አሳብ ያለው ጓደኛ በሚመጣው ዓመት እትም ይመልስልኝ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አረፉ፤ ዕድሜያቸው ገና በስድሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። እንዶድ እሳቸው እንዳሰቡት በየአፍሪካው ወንዝ አልተዳረሰም። ፕራዚኳንቴል የተባለው በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት እየረከሰ በመምጣቱ፣ ድርጅቶች ቀንድ አውጣውን ከመግደል ይልቅ ሰውን ማከምን መረጡ፤ በአገራችንም ከ2015 ጀምሮ ብልሃርዝያ ባለባቸው ወረዳዎች ለተማሪዎች በትምህርት ቤት ሲታደል ቆይቷል። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ በማግሥቱ ወደዚያው ውሃ ሲገባ ግን ቀንድ አውጣው እዚያው ነው። ስለዚህ በእንዶድ ላይ የሚደረገው ጥናት ከነጭራሹ አልተተወም።

ያቋቋሙት ተቋም ከሞታቸው በኋላ በስማቸው ተሰይሞ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተባለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩትን ይቀበላል። በሽታ አስተላላፊ የሆኑትን ትንኝን፣ የአሸዋ ዝንብንና ቀንድ አውጣን የሚያጠኑ ተማሪዎችም በዚያ ያልፋሉ።